ከሰማይ የወረደብን

ሰኞ፣ ጥቅምት 9

ዛሬ ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠርቶ ወንበር ሳበልኝ። እዚህ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል፤ ወንበር ሲሳብልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። የብረት ማቅለጫው ፋብሪካ አሮጌውን ቤተ ሙከራ አድሶ የጠፈርና የሳይንስ ክፍል ሊያደርግልን ነው። ቴሌስኮፕ ይመጣል፣ ማይክሮስኮፕ ይመጣል፣ ኮርኒሱ ላይ ከዋክብት የሚያሳይ ፕሮጀክተር ይመጣል። ኃላፊዋ እኔ ነኝ።

አምፖልና ሽቦ በጠየቅሁ ቁጥር “በጀት የለም” ስባል የኖርኩ ሴት ነኝ። ኤሌክትሪክን የማስተምረው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣልኩ ነው፤ የቮልቲሜትሩን ገመድ አይጥ ከበላው ቆይቷል። አሁን ሰማዩ ራሱ ሊመጣልኝ ነው። ደስ ብሎኛል። ይህን ደብተር የገዛሁትም ደስ እንዳለኝ ልጽፍበት ነው። ቤት ውስጥ የሚሰማኝ ግድግዳው ብቻ ነው።

ከሥራ ሲወጣ ታናሽ ወንድሜ ጎራ አለ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ አሁን እዚያው ፋብሪካ እቶን ላይ በኮንትራት ይሠራል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ቋሚ እስኪያደርጉት ቀን እየቆጠረ ነው። የጠፈሩን ክፍል ስነግረው ሳቀ። “ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ፣ እታለም፣ ለካ ላሟ የኛ ፋብሪካ ኖራለች” አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ሲያስለው በመሀረቡ አፉን ያዘ። መሀረቡ ቡናማ ሆኗል። እየቀየርክ ያዝ አልኩት።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 19

ከፋብሪካው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው መጣ። ወጣት ነው፣ ሸሚዙ እንደ ወረቀት የተተኮሰ። አፉ አይገጥምም፤ ሲያዝንም ጥርሱ ይታያል። የሒሳብ መምህሩ ገና በር ላይ ሳለ “ሳቂታው” ብሎ ሰየመው፣ ስሙ ጸደቀለት።

ለሳይንስ ክበቡ ልጆች ካናቴራ አምጥቷል። ከፊት ሮኬት፣ ከኋላ የፋብሪካው ዓርማ። ዓርማው ከሮኬቱ ይበልጣል። ልጆቹ ደስታቸው ወሰን አጣ። ካናቴራው ነጭ ነው። በኛ ሰፈር ነጭ ልብስ ውጭ እንደማይሰጣ የነገረው የለም፤ ጠዋት ያሰጡትን ማታ ሲያነሱት የዛገ ይመስላል።

እኔም ለበስኩ። ምን ላድርግ?


ቅዳሜ፣ ኅዳር 5

ቴሌስኮፑ ተተከለ። ሲመሽ ልጆቹን ሰብስቤ ወደ ጁፒተር አዞርኩት። የፋብሪካው መብራትና ጭስ ተደባልቆ ሰማዩ የታጠበ ደም መስሏል። አንዱ ልጅ ዐይኑን አስጠግቶ ብዙ ቆየና “ቲቸር፣ እኔ የማየው ራሴን ነው መሰለኝ” አለ። የገዛ ሽፋሽፍቱን እያየ ነው።

ወደ ውስጥ አስገባኋቸውና ፕሮጀክተሩን ከፈትኩ። ኮርኒሱ በከዋክብት ሞላ። ጮኹ፣ አጨበጨቡ። አንዲቱ “እነዚህ እውነት እኛ ላይ ናቸው ያሉት?” አለችኝ። አዎ አልኩ። ከጭሱ በላይ ናቸው አላልኩም። ማን እንዲህ ይላል፣ በሰው ፕሮጀክተር?


ረቡዕ፣ ኅዳር 16

ለክፍሉ ምረቃ የሚቀርብ የልጆች ሥራ ተፈልጎ ነበር፣ ከአንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ከጠፈር በየቀኑ ደቃቅ ቅንጣት ምድር ላይ ይወርዳል፤ ጣራም ላይ ያርፋል። የጣራ አሸንዳ ተጠርጎ፣ አቧራው ታጥቦ፣ ማግኔት በፌስታል ተጠቅልሎ ሲሳብበት ብረት ያለበት ሁሉ ይለጠፋል። የተለጠፈው ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ ድቡልቡል የሚያብረቀርቅ ይገኝበታል፤ እሱ ሲወርድ ቀልጦ ክብ የሆነ የጠፈር ትቢያ ነው። መጽሐፉን ሳነብ እንባዬ መጣ። መሰላልና መጥረጊያ ብቻ የሚጠይቅ ሳይንስ!

ሐሳቡ የራሴ ነው። ይህን አስቀድሜ እዚህ ልጻፈው፤ ማንም አልገፋኝም።

ሥራውን ለመርማሪዋ ሰጠኋት። መርማሪዋ የምንላት ዐሥረኛ ክፍል ያለች ልጅ ናት፤ እጇ ከወረደ ታማለች ማለት ነው። እናቷ ልብስ አጣቢ ናት። ጀማሪ መምህራን ይሸሿታል። እኔ ግን ለዚህች ልጅ ነው የምዘጋጀው። ለሌሎቹም እዘጋጃለሁ፣ ግን ለእሷ ነው።


ሰኞ፣ ኅዳር 21

አገኘን። ጥቁር፣ ድቡልቡል፣ እንደ ስፒል ጭንቅላት የሚያበራ። ልጆቹ ተራ እየጠበቁ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፉ። ከዚያ ሌላ አገኘን። ከዚያ ሌላ። ከሰዓት ላይ መቁጠር ተውን፤ ማሳያ መስታወቱ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት መስሏል።

መርማሪዋ አልጮኸችም። ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

“ቲቸር፣ መጽሐፉ እኮ ብርቅ ነው ይላል። ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? ከጭስ ማውጫውም የቀለጠ ብረት አይደል የሚወጣው?”

ጥሩ ጥያቄ ነው አልኳት። ጥሩ ጥያቄ ነው የምለው ጊዜ ለመግዛት እንደሆነ ልጆቹ ያውቁት ይሆን?

ከአክስቷ ቤት ጣራም አምጥታ ልታወዳድር አሰበች። አክስቷ ከኮረብታው ወዲያ ነው የሚኖሩት፣ ጭሱ አይደርስባቸውም። አድርጊ አልኩ። ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ራሴ ነኝ ያስተማርኳቸው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 29

ሁለት ብልቃጥ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ። አንዱ ከትምህርት ቤታችን ጣራ፣ ከማግኔቱ የተራገፈ ጥቁር ዱቄት እስከ አንገቱ። ሌላው ከአክስቷ ጣራ፤ ታቹን ለማየት ማዘንበል ያስፈልጋል። እኩል አሸንዳ ነው የጠረገችው፣ በእኩል ውሃ ነው ያጠበችው። ሁለት ጊዜ ደገመችው። ሦስተኛውን አብሬያት ሠራሁ፣ የተሳሳተችበት ቦታ ባገኝ ብዬ። አልተሳሳተችም።

የማሳያ ሰሌዳዋ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፋለች፦ “ከሰማይ የሚወርደው ከየት ነው?” ከሥሩ ታናሽ ወንድሟ አቧራው ሲበረታ ደረቱ እንደሚታፈን ጨምራለች። ይህን እንድታወጣ ነገርኳት፣ ሳይንስ አይደለም ብዬ። አወጣችው። እውነትም ሳይንስ አይደለም፤ በአንድ ልጅ ደረት ምንም አይረጋገጥም።

ማግኔቱን ስታጥብ ውሃው ቀይ ነበር።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 9

ሳቂታው ለምረቃው ዝግጅት መጣ። ዳይሬክተሩ ከኋላው፣ እኔ ከዳይሬክተሩ ኋላ። ክፍሉን ዞረ፣ ሁሉን አደነቀ። ሁለቱ ብልቃጦች ጋ ሲደርስ ቆመ። ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ መርማሪዋን ጎበዝ አላት፣ ስሟን ጠይቆ ስልኩ ላይ ጻፈ።

ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አደረገኝ። አልተቆጣም። ልጅቱ ትልቅ ቦታ እንደምትደርስ፣ የዝግጅቱ ርዕስ ግን ጠፈር እንደሆነ፣ ርዕስ ሲበዛ እንግዳ እንደሚደክም ነገረኝ። በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ትምህርት ቤትም እንዲህ ያለ ክፍል ይከፈታል፤ ለዚያም የምፈለገው እኔ ነኝ። ከዚያ እንደ ዘበት አንዲት ነገር አነሣ።

“ወንድምዎ እኛ ጋ ነው አይደል? እቶን ክፍል። አለቆቹ ይወዱታል። እንደሱ ያለ ልጅ በኮንትራት መቅረት የለበትም።”

እንዲያውም ጥሩ ሰው ነው። ስለ ወንድሜ እኔ አልጠየቅሁትም፣ እሱ ነው ያነሣልኝ።

ዳይሬክተሩ ግን በቀጥታ ነው የሚናገር። የበላችሁበትን ወጪት አትስበሩ አለ። ብዙ ቁጥር መጠቀሙ አስከፋኝ። ሰባሪዋ አንድ ልጅ ናት።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 10

ፈተና ማረም። ራስ ምታት። የወንድሜ ሚስት እግሯ አብጧል። ነገ ልያት።

ርዕሱ ጠፈር ነው። ይሄ ውሸት አይደለም። ርዕሱ ጠፈር ነው።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ከትምህርት በኋላ መርማሪዋን አስቀረኋት። የምረቃው ቀን ስለ ጠፈር ትቢያ ብቻ ብትናገር እንደሚሻል፣ ውድድሩ ላይ ግን ሙሉውን እንደምታቀርብ ነገርኳት። የትኛው ውድድር? አላለችም፤ እኔም አላውቀውም። “እሺ ቲቸር” አለች። እንዲህ ቶሎ እሺ ብላኝ አታውቅም።

ከሄደች በኋላ የአክስቷን ብልቃጥ ወደ ቤት ይዤው መጣሁ። ክዳኑ ላልቶ ነበር፤ እዚያ ቢቆይ ይደፋል። በደንብ የሚዘጋ ፈልጌለት እመልሰዋለሁ።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 14

መርማሪዋ ብልቃጡን ፈልጋ አጣችው። ክፍል መሀል ቆማ ጠየቀችኝ። ልጆቹ ሁሉ ያዩኛል። ጽዳት ሲደረግ ተነሥቶ ይሆናል አልኩ። ይሆናል ነው ያልኩት።

ዳይሬክተሩ ሰማና የጽዳት ሠራተኛዋን አስጠራ። ሴትየዋ አልነካሁም ብላ በልጆቿ ማለች። ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ከነገ ጀምሮ ከዚህ ሕንፃ ወጥታ መጸዳጃ ቤቱን ብቻ ታጸዳለች። እኔ ወረቀት አስተካክል ነበር። እንደ ወጣች ተከትዬ ልነግራት አሰብኩ፣ ደወል ተደወለ።

ደወል ተደወለ ብዬ ጻፍኩ። እግዜር ያሳያችሁ።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 18

ወንድሜ ስኳር ሲፈልግ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ብልቃጡን አገኘው። ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ምንነቱን ነገርኩት፤ ለወንድሜ መዋሸት አልችልም፣ እጄ ላይ ነው ያደገ።

ይቆጣል ብዬ ነበር፣ ወይም ያመሰግነኛል ብዬ። ሁለቱንም አላደረገም።

“የኛን አቧራ ብትደብቂ ይገባኛል፣ እታለም። የሌላ ሰው ጣራ ንጹሕ መሆኑን ለምን ትደብቂያለሽ?”

ያንተን ነገር አስቤ ነው አልኩት። ብልቃጡን ቁም ሣጥኑ ውስጥ መለሰው። ያሳደግሽኝ ይበቃል፣ በኔ አታሳቢ አለ። ምሳውን ሳይጨርስ ሄደ። ሲሄድ በር ላይ አሳለው፣ ደረጃው ሥር እስኪደርስ ይሰማኛል።

ሰው ለሥጋው ሲል የሚያደርገው ነገር አለ። ሁሉም ያደርገዋል። የተለየሁ አይደለሁም። ይህን መጻፍ ያረጋጋኛል ብዬ ነበር።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 22

ምረቃው አለፈ። በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ አለዚያ ነገ ሌላ አድርጌ ነው የማስታውሰው።

ጠዋት ጣራውን አሳጠቡት፣ ሜዳውን ውሃ አስረጩት፣ ዕለቱን ጭሱም የቀነሰ መሰለኝ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ከነባለቤቱ መጣ። ወፍራም፣ ደግ ፊት ያለው፣ እጄን በሁለት እጁ የጨበጠኝ ሰው። ሪባን ተቆረጠ። ፕሮጀክተሩ ተከፈተ፣ ባለቤቱ እንደ ልጆቹ ጮኸች።

ከዚያ የመርማሪዋ ተራ ሆነ። ካናቴራውን ለብሳለች። ከፊቷ የቆመው አንዱ ብልቃጥ ብቻ ነው፣ የኛ፣ እስከ አንገቱ የሞላው። ሰሌዳዋንም ቀይራዋለች፤ ጥያቄው የለም። ከዋክብት ሣለችበት። በዚያ በሚያምር ድምፅዋ ጠፈር እንዴት ትቢያ እንደሚልክልን ተናገረች። አንድም ስሕተት የለበትም። እንዳልኳት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ብልቃጡን አንሥቶ ወዘወዘው።

“ይሄ ሁሉ? ይሄ ሁሉ ከላይ የመጣ ነው?”

መርማሪዋ እሱን አላየችውም። እኔን አየችኝ።

“አዎ ጌታዬ። ሁሉም ከላይ የወረደብን ነው።”

ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ሳቂታው አፉን ገጠመ፤ ገጥሞ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወዲያው ደግሞ ከፈተው። ሥራ አስኪያጁ እጅግ ተደስቶ፣ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠው ዘንድ ትንሽ እንዲቀነስለት ለመነ። መርማሪዋ በትንሽ ጠርሙስ ቀዳችለት። አንድ ቅንጣት ሳታፈስ። የገዛ ጭስ ማውጫውን አቧራ ኪሱ ከትቶ፣ ደረቱን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

የሒሳብ መምህሩ ጓሮ ዞሮ እስኪያነባ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

ዋሽታለች? ቃል በቃል ካየነው አልዋሸችም። ከላይ ነው የወረደው። ሌላ ሰው ቢሆን ሽሙጥ ነው ይል ነበር። እኔ ግን ዐይኗን አይቻለሁ፤ ሽሙጥ አልነበረበትም። እንደ ፈተና ነበር፣ መልሱን አስቀድማ የምታውቀው ፈተና።

ዳይሬክተሩ አቀፈኝ።


ሰኞ፣ ጥር 3

ወንድሜ ቋሚ ሆነ። በስልክ ነገረኝ፣ መጥቶ አይደለም። ሚስቱም በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ። እንኳን ደስ ያላችሁ ብዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው።

ከእቶኑ ወደ አቧራ ማጥለያው ክፍል አዛውረውታል። ማጥለያው አሮጌ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ በአካፋ ነው የሚጸዳው። ዕድገት ነው ይላሉ።


ዓርብ፣ ጥር 7

የመርማሪዋ እናት መጣች። እጆቿ በሳሙና ተልጠዋል። የልጅቷ ፎቶ በፋብሪካው በር ላይ ተሰቅሏል፤ ብልቃጡን ይዛ ፈገግ ብላ፣ ከሥሯ “ከዋክብትን የምታይ ትውልድ” ተብሎ። የሰፈሩ ሴቶች ልብስ ሲያሰጡ ልጅሽ አቧራውን ከሰማይ ነው ብላለች አሉ፣ እንግዲህ ሰማይን ለማን እንክሰሰው እያሉ ይስቁባታል። ትንሹ ልጇን ጤና ጣቢያ ወስዳው ነበር፤ ነርሷ የት ነው የምትኖሩት አለቻት፣ ነገረቻት፣ ነርሷ ራሷን ነቀነቀች፣ ሌላ ነገር አልተባለም።

ፎቶው እንዲወርድ አስደርጋለሁ አልኳት። እንደማላስደርግ ሁለታችንም አውቀናል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቁጭ በይ አልኳት፣ አልተቀመጠችም።

“መምህር፣ እኔ አልተማርኩም። ልጄን እርስዎ ጋ የላክኋት እውነቱን እንድታውቅ ነው። አትናገሪ ቢሏት ይገባኝ ነበር፤ ደሀ ነን፣ ዝም ማለት እናውቃለን። እርስዎ ግን ያልሆነውን አናገሯት።”

በትሕትና ነው የተናገረችው። ስትወጣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ይህን ሁሉ የደከምኩት ለማን ነበር? ለልጆቹ ነው። ማይክሮስኮፕ አሁን አላቸው። ያለ እኔ አይኖራቸውም ነበር። እጄ አመድ አፋሽ ሆነ።


ረቡዕ፣ ጥር 12

ብልቃጡን መልሼ መደርደሪያው ላይ አኖርኩት፣ ማንም ሳይገባ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መርማሪዋ አየችው። ክዳኑ አዲስ መሆኑንም አየች። ወደ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች።

ለጽዳት ሠራተኛዋ ነገ እነግራታለሁ።


ማክሰኞ፣ ጥር 18

የሁለተኛውን ትምህርት ቤት ክፍል እንዳደራጅ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሰንብቼ መልስ እሰጣለሁ። ለጽዳት ሠራተኛዋ አልነገርኩም። ዛሬ ሰላም ስላት ባልዲዋን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፤ እንዲህ ላከበረችኝ ሴት እንዴት ተብሎ ይጀመራል?


ሐሙስ፣ ጥር 20

የዐሥረኛ ክፍል ልጆች ለሚቀጥለው ዓመት የሚማሩትን ዘርፍ መረጡ። የክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ ወረቀቱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። በየተራ መጡ። የተፈጥሮ ሳይንስ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ፣ የተፈጥሮ። ብዙዎቹ የጠፈር ክፍሉን እያሰቡ ነው፤ ሳቂታው ቢያይ ደስ ይለዋል።

መርማሪዋ የመጨረሻዋ ሆነች። ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ማኅበራዊ ሳይንስ ላይ ነው ምልክቱ። የተሳሳተች መስሎኝ እስክሪብቶ ሰጠኋት፤ አልተቀበለችኝም።

በፊዚክስ ከሁሉም እንደምትበልጥ ነገርኳት። አውቃለሁ አለች። በውጤትሽ የትም ትገቢያለሽ አልኳት። እሱንም አውቃለሁ አለች። ለምን ታዲያ አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፣ በር ላይ ያሉት ዞረው አዩን።

ልታስከፋኝ አልፈለገችም፣ ይታያል፤ ቃል እየመረጠችልኝ ነበር።

“የታሪክ መምህራችን አንድ ነገር ስታነቡ መጀመሪያ ማን እንደጻፈው፣ ከዚያ ማን እንዳስጻፈው ጠይቁ ይሉናል። እዚህ ግን እንደዚያ አንባልም፣ ቲቸር።”

እዚህም ይጠየቃል ልላት አፌን ከፈትኩ። ሳይንስ ማለት ራሱ እሱ ነው፣ ልላት። ከኋላዋ መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቷ ላይ፣ እጄ ላይ ቀዩ አቧራ በስሱ አርፏል። ወረቀቱን እፍ አልኩና ፈረምኩላት።